ጣሊያንን በየከተማው ሙያ መዞር፦ ከሚላኖ እስከ ናፖሊ በባቡር

ጣሊያን አንድ አገር የሆነችው በ1861 ነው። ከዚያ በፊት በነበሩት ዘመናት ቬኔዚያም፣ ፊሬንዜም፣ ናፖሊም የየራሳቸው መንግሥት፣ ገንዘብና ጦር ነበራቸው። ከተዋሐዱ ወዲህም ማእድ ቤታቸውን አላዋሐዱም፤ የእጅ ሙያውም፣ ዳቦውም፣ የፓስታው ዓይነትም ዛሬ ድረስ በየከተማው ይለያል። እንግዳ ሰው ገንዘቡን የሚያባክነው ይህን ሳያውቅ ሲቀር ነው፤ ቬኔዚያ ላይ የቆዳ ቦርሳ ይገዛል፣ ሮም ላይ የሙራኖ መስታወት ይፈልጋል፣ ቦሎኛ ገብቶ ስፓጌቲ ቦሎኔዝ ያዛል። ከተማውን በሙያው መያዝ ይሻላል።

እዚህ ያሉት ዓመታት፣ ወራትና ቀናት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። ሰዓቱም በጣሊያን ትኬት ላይ እንደሚጻፈው በ24 ሰዓት ነው። ትኬቱ 14:30 ካለ በእኛ ከቀኑ 8 ሰዓት ተኩል ማለት ነውና ትኬቱን እንደቆረጡ በእኛ ሰዓት ጎኑ ላይ ይጻፉት። በዚህ መምታታት ባቡር ያመለጠው ሰው ጥቂት አይደለም።

መንገዱን ማውጣት

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ ሚላኖም ወደ ሮምም ይበራል። ስለዚህ ትኬቱን በሚላኖ ገብቶ ከሮም በሚወጣ መልኩ መቁረጥ ወደ ኋላ መመለስን ያስቀራል። 12 ሌሊት ያለው ሰው እንዲህ ቢያከፋፍል ይመቸዋል፦ ሚላኖ 1፣ ቬኔዚያ 2፣ ቦሎኛ 2፣ ፊሬንዜ 2፣ ሮም 3፣ ናፖሊ 1፣ ከዚያ ለበረራው ዋዜማ ተመልሶ ሮም 1። ቀን ካጠረ የሚዘለለው ሚላኖ ነው። ቦሎኛን አይዝለሉ፤ አብዛኛው ጎብኚ በመስኮት እያየ ያልፋታል፣ ዋጋዋ ግን ከቬኔዚያና ከፊሬንዜ ይቀላል፣ ምግቧም ከሁሉም ይበልጣል።

የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ የሼንገን ቪዛ ያስፈልገዋል። ማመልከቻ ከጉዞው 6 ወር ቀደም ብሎ ጀምሮ ማስገባት ይቻላል፤ ከ2024 ወዲህ ግን ለኢትዮጵያውያን ውሳኔው እስከ 45 ቀን ሊፈጅ ስለሚችል አያዘግዩት። የአዋቂ ክፍያ 90 ዩሮ ነው። የጉዞ ኢንሹራንሱ ሽፋን ከ30,000 ዩሮ ማነስ የለበትም። በማንኛውም 180 ቀን ውስጥ ከ90 ቀን በላይ መቆየት አይቻልም። በዱባይ ወይም በሪያድ የመኖሪያ ፈቃድ ያለው ሰው ወደ አዲስ አበባ ሳይመለስ እዚያው ማመልከት ይችላል።

ቀን ሲመርጡ ሁለት ነገር ያጣሩ። በሚላኖ የፋሽን ሳምንቶች በየካቲትና በመስከረም ገደማ፣ የቤት ዕቃ ትርኢቱ ደግሞ በሚያዝያ ይውላል፤ በእነዚያ ቀናት የሆቴል ዋጋ እጥፍ ድርብ ይሆናል። ነሐሴ 15 የጣሊያኖች በዓል ነው፤ በዚያ ሰሞን ጥሩ ጥሩ ምግብ ቤቶች ዘግተው ባለቤቶቹ ባሕር ዳርቻ ናቸው፤ ክፍት ሆኖ የሚጠብቅዎ ለቱሪስት የተከፈተው ነው።

ባቡሩ

ሁለት ዓይነት ባቡር አለ፤ ደንባቸውም ለየቅል ነው።

ፈጣኑ ባቡር የመንግሥቱ ፍሬቻሮሳ ወይም የግሉ ኢታሎ ነው። ትኬቱ ላይ የተጻፈው ባቡር፣ ፉርጎና ወንበር ብቻ ነው የሚሠራው፤ ባቡሩ ካመለጠ ትኬቱም አብሮ ሊሄድ ይችላል። አስቀድሞ የገዛ በርካሽ ያገኛል፤ በጣም ርካሹ ትኬት ግን አይቀየርም፣ ገንዘቡም አይመለስም። ከአየር ማረፊያ ወርደው ለሚሳፈሩበት የመጀመሪያ ጉዞ ርካሹን አይግዙ፤ በረራው አንድ ሰዓት ቢዘገይ ከስረዋል።

ቀርፋፋው የክልል ባቡር ሬጆናሌ ይባላል። ዋጋው ከወር በፊትም በዕለቱም ያው ስለሆነ አስቀድሞ መግዛት አያተርፍም። የወረቀት ትኬት ከገዙ ሳይሳፈሩ በፊት መድረኩ አጠገብ ባለችው ትንሽ ማሽን ማስመታት ግዴታ ነው፤ ከተመታ በኋላ 4 ሰዓት ያገለግላል። በስልክ የገዙ ደግሞ በተላከላቸው ማስፈንጠሪያ ገብተው በጉዞው ቀን መሳፈራቸውን ማረጋገጥ አለባቸው። ትኬት እያለው የሚቀጣ ሰው የሚበዛው እዚህ ላይ ነው። ተቆጣጣሪው «አላወቅኩም» የሚለውን በቀን መቶ ጊዜ ስለሚሰማ አይራራም።

በሰሌዳው ላይ ፍሎረንስ ወይም ቬኒስ የሚል አይፈልጉ፤ ፊሬንዜ እና ቬኔዚያ ነው የሚለው። ቢናሪዮ የባቡሩ መቆሚያ ቁጥር ነው፤ ሪታርዶ ከሚለው ሥር ያለው ቁጥር ባቡሩ የዘገየበት ደቂቃ ነው። ሾፔሮ የሚል ቃል ካዩ የሥራ ማቆም አድማ አለ ማለት ነው። አድማ ቀደም ብሎ ይታወጃል፤ በሥራ ቀን ከ6:00 እስከ 9:00 እና ከ18:00 እስከ 21:00 የክልል ባቡሮች እንዲሠሩ ሕጉ ያስገድዳል፤ ጉዞዎን ወደዚያ ያዙሩት።

ጣቢያ ሲመርጡ መጠንቀቅ ያለብዎ እዚህ ነው። ለቬኔዚያ መውረጃው ሳንታ ሉቺያ ነው፤ ሜስትሬ ድልድዩን ሳይሻገሩ ያለው የየብስ ከተማ ነው፣ በባቡር 10 ደቂቃ ይርቃል። ለፊሬንዜ ሳንታ ማሪያ ኖቬላ፣ ለሮም ቴርሚኒ፣ ለናፖሊ ደግሞ ቼንትራሌ። ናፖሊ አፍራጎላ የሚለው ከከተማው ውጭ ስለሆነ ርካሽ ትኬት አገኘሁ ብለው አይታለሉ። በቦሎኛ ፈጣኖቹ ባቡሮች ብዙዎቹ ከመሬት በታች ባለው ጣቢያ፣ ከቢናሪዮ 16 እስከ 19 ስለሚቆሙ ከዋናው አዳራሽ ለመውረድ 10 ደቂቃ ይያዙ።

የጉዞው ርዝመት፦ ሚላኖ–ቬኔዚያ 2 ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ቬኔዚያ–ቦሎኛ 1 ሰዓት ተኩል፣ ቦሎኛ–ፊሬንዜ 40 ደቂቃ፣ ፊሬንዜ–ሮም 1 ሰዓት ተኩል፣ ሮም–ናፖሊ 1 ሰዓት ከ10 ደቂቃ።

መኪና ለመከራየት የሚያስብ ሰው አንድ ነገር ይወቅ፦ የየከተማው አሮጌ መሐል ፈቃድ ለሌለው መኪና ዝግ ነው። የሚጠብቀው ዘበኛ ሳይሆን ካሜራ ነው። ቅጣቱ ከወራት በኋላ በፖስታ፣ ቤትዎ ድረስ ይመጣል፤ ሁለት ጊዜ ካለፉ ሁለት ጊዜ ይቀጣሉ።

ቡና፣ ሂሳብና ጾም

ማኪያቶ ብለው ካዘዙ የሚመጣልዎ በትንሽ ሲኒ ያለ ጥቁር ቡና ሲሆን ላዩ ላይ ጠብ የተደረገች ወተት አለችው። የአዲስ አበባውን ማኪያቶ የለመደ ሰው ቅር ይለዋል፤ ለዚያ የሚቀርበው ካፑቺኖ ነው። ላቴ ካሉ ደግሞ ባዶ ወተት ይቀርብልዎታል፤ ቃሉ ወተት ማለት ነውና። ቡና በባንኮኒው ቆሞ መጠጣትና ተቀምጦ መጠጣት ዋጋቸው የተለያየ ነው፤ በትልልቅ አደባባዮች ልዩነቱ ብዙ እጥፍ ይሆናል። በብዙ ቡና ቤት መጀመሪያ «ካሳ» በሚባለው ገንዘብ መቀበያ ይከፈላል፣ ደረሰኙ ይያዝና ለቡና ቀጂው ይሰጣል።

ምግብ ቤት ውስጥ ኮፔርቶ የሚባል የነፍስ ወከፍ ክፍያ ሂሳብ ላይ ይጨመራል፤ ማጭበርበር አይደለም፣ ዝርዝሩ ላይ መጻፍ ግን አለበት። በሮም ይህ ክፍያ ተከልክሏል፤ በምትኩ የዳቦ ብለው ያስከፍላሉ፤ ዳቦውን ካልፈለጉ መመለስ ይችላሉ።

ለጾመኛ ጣሊያን ከሚመስለው ይቀላል። የደረቀ ፓስታ የሚሠራው ከስንዴና ከውሃ ብቻ ነው፤ ትኩሱ፣ በተለይ የቦሎኛው፣ እንቁላል አለበት። ፒዛ ማሪናራ ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ኦሬጋኖና ዘይት ብቻ ስለሆነ ሳይነካካ ጾም ነው። ስፓጌቲ አልዮ ኤ ኦልዮ በነጭ ሽንኩርትና በዘይት የተሠራ ነው። ፔስቶ አረንጓዴ ስለሆነ ብቻ አይመኑት፣ ፎርማጆ አለበት። ሲያዙ «ሴንሳ ካርኔ፣ ሴንሳ ፎርማጆ፣ ሴንሳ ኡዎቫ፣ ሴንሳ ቡሮ» ይበሉ፤ ያለ ሥጋ፣ ያለ አይብ፣ ያለ እንቁላል፣ ያለ ቅቤ ማለት ነው። አሳማ የማይበላ ሰው ደግሞ ፕሮሹቶ፣ ሞርታዴላ፣ ጓንቻሌ፣ ፓንቼታ እና ስትሩቶ የሚሉትን አምስት ቃላት ይያዝ። የመጨረሻው የአሳማ ስብ ሲሆን በአንዳንድ ዳቦ ሊጥ ውስጥ ስለሚገባ ዓይን አያየውም። ፔፔሮኒ ግን አያስደንግጥ፤ ጣሊያን ውስጥ የፈረንጅ ቃሪያ ነው።

ሚላኖ

የገንዘብ፣ የፋሽንና የዲዛይን ከተማ ናት። ለጎብኚ ሁለት ነገር በቂ ነው። አንደኛው ዱኦሞው፣ ማለትም ካቴድራሉ ነው፤ ግንባታው በ1386 ተጀምሮ የመጨረሻው ሥራ ያለቀው በ1965 ነው። ከውስጡ ይልቅ ጣራው ነው የሚታየው፦ ትኬቱን ከጣራ ጋር ይግዙ፣ በእምነበረድ ሾጣጣዎቹ መካከል ይመላለሱ። ሁለተኛው የሊዮናርዶ «የመጨረሻው እራት» ነው። ትኬቱ በየሦስት ወሩ ገደማ ተለቅቆ ቶሎ ያልቃል፤ የሚገባው በቡድን፣ የሚቆየው 15 ደቂቃ፣ ሰኞ ዝግ ነው። ሊዮናርዶ በእርጥብ ልስን ላይ ሳይሆን በደረቅ ግድግዳ ላይ ስለሳለው ሥዕሉ ገና እሱ በሕይወት እያለ መላላጥ ጀምሮ ነበር፤ ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለዚያ ነው። ምሳ ላይ በሳፍሮን ቢጫ የሆነውን የሩዝ ምግብ፣ ሪዞቶውን ይዘዙ። ሜትሮው ላይ የባንክ ካርድ ማስነካት ይበቃል፤ ሲወጡ ግን ያንኑ ካርድ ያስነኩ።

ቬኔዚያ

መኪናም ብስክሌትም የለም። ከ400 በላይ ድልድይ አለ፣ አብዛኛው በደረጃ ነው። ጎማ ያለው ትልቅ ሻንጣ ይዞ መግባት የመጀመሪያው ስሕተት ነው፤ ትልቁን ሻንጣ ጣቢያ ማስቀመጫ ትተው በትንሽ ቦርሳ ይግቡ። አድራሻ የሚጻፈው በሠፈር ስምና በቁጥር ብቻ ስለሆነ በመንገድ ስም አይገኝም። ከሆቴሉ የቅርቡን ድልድይና የቅርቡን የጀልባ ማቆሚያ ስም አስቀድመው ይጠይቁ።

የሕዝብ ጀልባው ቫፖሬቶ ይባላል። የአንድ ጉዞ ትኬት 9 ዩሮ ከ50 ሲሆን 75 ደቂቃ ያገለግላል፤ በቀን ከሁለት ጊዜ በላይ የሚሳፈር ሰው የቀን ትኬት ቢገዛ ያዋጣዋል። መስመር 1 ትልቁን ቦይ በየማቆሚያው እየቆመ ስለሚያልፍ ለማየት ይሻላል፤ መስመር 2 ይፈጥናል። የጎንዶላ ዋጋ በከተማው የተተመነ ነው፦ ቀን 90 ዩሮ ለ30 ደቂቃ፣ ከ19:00 በኋላ 110 ዩሮ። ይህ ለጀልባው እንጂ ለሰው አይደለም፤ እስከ 5 ሰው ይጭናል፤ ስለዚህ ከመግባትዎ በፊት ደቂቃውንም ዋጋውንም በቃል ያስደግሙ። ጎንዶላን መቅመስ ብቻ የፈለገ ሰው ትራጌቶ በሚባለው መሻገሪያ በ2 ዩሮ ቦዩን ይሻገራል።

ለአንድ ቀን ብቻ ለሚመጡ በተመረጡ የጸደይና የበጋ ቀናት ከ8:30 እስከ 16:00 የመግቢያ ክፍያ አለ፤ በ2024 የተጀመረ ነው። በ2025 ቀደም ብሎ ለከፈለ 5፣ ለዘገየ 10 ዩሮ ነበር። እዚያው ከተማው የሚያድር አይከፍልም፣ ነፃ መሆኑን ግን በድረ ገጹ አስመዝግቦ ማስረጃውን መያዝ አለበት።

የሙያዋ ነገር መስታወት ነው። የከተማዋ ቤቶች በእሳት እንዳይያያዙ በ1291 ምድጃዎቹ ሁሉ ወደ ሙራኖ ደሴት ተወስደው ነበር፤ ሙያው እስከ ዛሬ እዚያው ነው። በሳን ማርኮ ዙሪያ በ5 ዩሮ የሚሸጠው ጌጥ የሙራኖ አይደለም። እውነተኛውን የሚፈልግ «ቬትሮ አርቲስቲኮ ሙራኖ» የሚለውን ምልክት ይፈልግ፣ ከአምራቹ የተጻፈ ማረጋገጫም ይጠይቅ። በዳንቴል የምትታወቀው ደግሞ ሌላዋ ደሴት ቡራኖ ናት፤ በእጅ የተሠራ ትንሽ ዳንቴል ወራት ስለሚፈጅ ርካሽ ከሆነ የማሽን ነው።

የቅዱስ ማርቆስ ባዚሊካ ለኢትዮጵያዊ ምእመን የተለየ ትርጉም አለው። የቬኔዚያ ነጋዴዎች የቅዱሱን ዐፅም ከእስክንድርያ ደብቀው ያመጡት በ828 ነው ይባላል። ከፊሉ በ1968 ወደ ግብፅ የተመለሰ ሲሆን ካይሮ ላይ ካቴድራሉ ሲመረቅ አፄ ኃይለ ሥላሴም ነበሩ። ለመግባት ትከሻና ጉልበት መሸፈን አለበት፤ ነጠላ ያላት ሴት ሌላ ልብስ አትፈልግም።

ለምግብ ከአደባባዩ ይራቁ። ባካሮ የሚባሉ ትንንሽ መሸታ ቤቶች ቺኬቲ የተባለ በዳቦ ላይ የተቀመጠ ጉርሻ ጉርሻ ያቀርባሉ፤ ቆሞ ነው የሚበላው። በሽንኩርትና በአቼቶ የተዘፈዘፈ ሰርዲን፣ ሳርዴ ኢን ሳኦር የሚሉት፣ የከተማዋ መለያ ነው። የሪያልቶ ዓሣ ገበያ እሑድና ሰኞ አይቆምም፤ ስለዚህ ሰኞ «የዛሬ ዓሣ» የሚል ሰሌዳ ካዩ ይለፉት።

ቦሎኛ

ሦስት ቅጽል አላት፦ የተማረችው፣ ወፍራሟና ቀይዋ። የመጀመሪያው በ1088 ተመሠረተ ለሚባለው ዩኒቨርሲቲዋ፣ ሁለተኛው ለማእዷ ነው። ሦስተኛው የጡብ ቀለሟ ነው የሚሉ አሉ፤ ፖለቲካዋ ነው የሚሉም አሉ፤ ሁለቱም ልክ ናቸው።

መንገዶቿ ፖርቲኮ በሚባል ቅስት ጣራ የተሸፈኑ ናቸው፤ ተቀጣጥለው ሲለኩ 62 ኪሎ ሜትር ይሆናሉ፣ በ2021 በዩኔስኮ ተመዝግበዋል። ዝናብ ቢዘንብ ጃንጥላ አያስፈልግም። ረጅሙ ፖርቲኮ 666 ቅስቶች አሉት፤ እስከ ሳን ሉካ ቤተ ክርስቲያን 3.8 ኪሎ ሜትር ያህል ሽቅብ ይወጣል፤ ጠዋት በባዶ ሆድ ይጀምሩት፣ ለምሳ ያዘጋጃል። ሁለቱን ማማዎች ለመውጣት ግን ዕቅድ አይያዙ፤ ትንሿ ጋሪሴንዳ ማዘንበሏ ስላሰጋ ከ2023 ጀምሮ አካባቢው ታጥሮ እየተጠገነ ነው።

«ስፓጌቲ ቦሎኔዝ» የሚባል ምግብ እዚህ የለም፤ ያለው ታልያቴሌ አል ራጉ ነው። ምክንያቱ ወግ አጥባቂነት ብቻ አይደለም። ታልያቴሌ ለ100 ግራም ዱቄት 1 እንቁላል ገብቶበት በእንጨት ዱላ ይዳመጣል፤ ፊቱ ሻካራ ስለሚሆን ወፍራሙን የሥጋ ወጥ ይዞ ይወጣል። ስፓጌቲ ለስላሳና ድቡልቡል ስለሆነ ወጡ ተንሸራቶ ሳሕኑ ግርጌ ይቀራል። የከተማው ንግድ ምክር ቤት በ1972 የተቀቀለ ታልያቴሌ ስፋት 8 ሚሊ ሜትር እንዲሆን መዝግቦ የወርቅ ናሙና አስቀምጧል፤ የራጉውም አሠራር በ1982 ተመዝግቧል። ራጉው የበሬ ሥጋ ቢሆንም ፓንቼታ ይገባበታል፤ አሳማ የማይበላ ሰው ይህን አስቀድሞ ይወቅ። ቶርቴሊኒ ደግሞ በሥጋ ሾርባ እንጂ በክሬም አይበላም፤ ውስጡም አሳማ ነው።

የሚገዛው እዚህ ነው። ፓርሚጃኖ ሬጃኖ የተባለው ፎርማጆ አንዱ ድፍን 40 ኪሎ ገደማ ሲሆን 550 ሊትር ያህል ወተት ይፈጃል። ቢያንስ 12 ወር ይቀመጣል። ለመብላት 24፣ ለመፈርፈር 36 ወር የሞላውን ይምረጡ፤ ስሙ በነጠብጣብ የታተመበት ቅርፊት ከሌለው አይግዙ። «ሶቶ ቩዎቶ» ካሉ አየሩን አስወጥተው ያሽጉልዎታል፤ ያለዚያ ሻንጣው ሁሉ ይሸታል። እኛ አቼቶ የምንለው ቃል የራሳቸው ነው፤ የሞዴናው አቼቶ ባልሳሚኮ ግን ሁለት ዓይነት ነው። ትራዲዚዮናሌ የተባለው ከተቀቀለ የወይን ጭማቂ ብቻ ተሠርቶ 12 ወይም 25 ዓመት በበርሜል ያደረ፣ በ100 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ብቻ የሚሸጥ ውድ ነገር ነው። ኢ ጂ ፒ የሚል ማኅተም ያለው ከተራ የወይን አቼቶ ጋር የተቀላቀለ ነው፤ ለሰላጣ እሱ ይበቃል። ውዱን ሰላጣ ላይ ማፍሰስ ኃጢአት ነው፤ በጠብታ ፎርማጆ ላይ ነው የሚያርፈው። ሞዴና በክልል ባቡር ከግማሽ ሰዓት አይርቅም፤ የፌራሪ አገር ማራኔሎም አጠገቡ ነው።

ፊሬንዜ

የኡፊዚና የአካዳሚያ ቤተ መዘክሮች ሰኞ ዝግ ናቸው። በወሩ የመጀመሪያ እሑድ የመንግሥት ቤተ መዘክሮች በመላ አገሪቱ ነፃ ስለሆኑ ሰልፉ ቀኑን ይበላል፤ ያን ቀን ቢከፍሉም ባይከፍሉም አይሂዱ። የካቴድራሉን ጉልላት ብሩኔሌስኪ ከ1420 እስከ 1436 የሠራው ከሥር የሚደግፍ የእንጨት መዋቅር ሳያቆም ነው። 463 ደረጃ አለው፣ አሳንሰር የለውም፣ መግቢያው በተያዘ ሰዓት ብቻ ነው። ጠባብ መተላለፊያ የሚያፍነው ሰው ሳይጀምር ይተወው፤ መሐል ላይ መመለሻ የለም።

ኡፊዚ ሲገቡ ዓይንዎን ከታች ብቻ አያድርጉ። በመተላለፊያዎቹ ግድግዳ አናት ላይ ከጣራው ሥር የተደረደሩ የዓለም ነገሥታት ምስሎች አሉ። ከዚህ ስብስብ አንዱ በ16ኛው ክፍለ ዘመን ክሪስቶፋኖ ዴል አልቲሲሞ የሳለው የአፄ ልብነ ድንግል ምስል ነው። አብዛኛው ሰው የሠዓሊው ቦቲቼሊ ሥራዎች ጋ ለመድረስ ሲሮጥ ከሥራቸው ያልፋል።

የቆዳ ከተማ ናት፤ ቆዳ የማያውቅ ሰው ግን በቀላሉ ይታለላል። «ቬራ ፔሌ» እውነተኛ ቆዳ ነው፤ «ሲሚልፔሌ» እና «ኤኮፔሌ» ፕላስቲክ ናቸው። ጠርዙን ይዩ፤ ተጣጥፎ የተሰፋ ወይም ቀለም የተቀባ ጠርዝ ጨርቅ ይደብቃል፤ ክፍት የሆነ ጠርዝ ጭረቱን ያሳያል። በጣት ሲጫኑት እንደ ሰው ቆዳ የሚሸበሸብ ነው ቆዳው። በሳን ሎሬንሶ ድንኳኖች መከራከር ያለ ነው፤ በሱቅ ውስጥ ግን ነውር ነው። መንገድ ላይ የተዘረጋ ባለ ታዋቂ ምልክት ቦርሳ አይግዙ፤ የሐሰት ዕቃ የገዛ ሰውም እስከ 7,000 ዩሮ ሊቀጣ ይችላል።

ቢስቴካው ለጥሬ ሥጋ ወዳጅ የተሠራ ይመስላል፤ ከውጭ በፍም ይጠበሳል፣ ውስጡ ደም ያዘለ ነው፤ «ይብሰልልኝ» ካሉ አንዳንዱ ቤት አያቀርብልዎም። ዋጋው ላይ ይጠንቀቁ፦ ዝርዝሩ ላይ 6 ዩሮ ቢል ለኤቶ፣ ማለትም ለ100 ግራም ነው። አንዱ ቁራጭ ከኪሎ ስለማያንስ ሂሳቡ 60 እና ከዚያ በላይ ይሆናል፤ ለሁለት ይዘዙት። ዱለት የሚወድ ላምፕሬዶቶ ይሞክር፤ የላም አራተኛ ጨጓራ ተቀቅሎ በዳቦ የሚሸጥ የጎዳና ምግብ ነው። ዳቦው ጨው የለውም፤ ተረስቶ አይደለም፣ አገሩ እንዲህ ነው።

ሮም

ኮሎሲየም፣ ቫቲካን፣ ፓንቴዮን፤ በአንድ ቀን ሦስቱን የሚሞክር ሦስቱንም አያይም። ለየቀኑ አንድ ይመድቡ። የኮሎሲየም ትኬት ስምዎ ስለሚጻፍበት ፓስፖርት ይዘው ይሂዱ። የቫቲካን ቤተ መዘክር እሑድ ዝግ ነው፣ የወሩ የመጨረሻ እሑድ ሲቀር። የቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ ነፃ ነው፤ ረቡዕ ጠዋት ጳጳሱ ሕዝብ ሲቀበሉ ግን አይገባም። ፓንቴዮን ከ2023 ወዲህ ያስከፍላል፤ ሲጀመር 5 ዩሮ ነበር። ውሃ አይግዙ፤ በየመንገዱ ያለማቋረጥ የሚፈስሰው የብረት ቧንቧ ንጹሕ ነው።

የኢትዮጵያን ዱካ የሚከተል ሰው ግማሽ ቀን ይበቃዋል። ከቴርሚኒ ጣቢያ ሲወጡ የቆሙበት አደባባይ ፒያሳ ዴ ቺንኩዌቼንቶ፣ «የአምስት መቶዎቹ አደባባይ» ይባላል፤ አምስት መቶዎቹ በ1887 ራስ አሉላ ዶጋሊ ላይ የደመሰሷቸው ወታደሮች ናቸው። መታሰቢያ ሐውልታቸው ከአደባባዩ ጥቂት እልፍ ብሎ አትክልቱ ውስጥ ነው፤ ከአዲስ አበባ የተዘረፈው የይሁዳ አንበሳ ተመልሶ እስኪመጣ ከሥሩ ተቀምጦ ነበር። ከዚያ በሜትሮ መስመር ቢ ቺርኮ ማሲሞ ይውረዱ። ፊት ለፊት ያለው ፒያሳ ዲ ፖርታ ካፔና የአክሱም ሐውልት ከ1937 ጀምሮ የቆመበት ነው፤ በ2005 አገሩ ገብቶ በ2008 አክሱም ላይ ተተክሏል። ከዚያ በቪያ ዲ ሳን ግሬጎሪዮ ቀጥ ብለው 10 ደቂቃ ያህል ቢራመዱ የቆስጠንጢኖስ ቅስት ጋ ይደርሳሉ። አበበ ቢቂላ መስከረም 10 ቀን 1960 በባዶ እግሩ በ2:15:16 የጨረሰው ከዚህ ቅስት ሥር ነው። በቫቲካን ግቢ ውስጥ፣ ከባዚሊካው ጀርባ፣ የሐበሾች የቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን አለ። አባ ተስፋ ጽዮን በ1548 እና 49 የግእዙን ሐዲስ ኪዳን ሲያሳትሙ መኖሪያቸው እዚያ ነበር። ሰተት ብሎ አይገባም፤ የቫቲካን አትክልት ጉብኝት የያዘ ሰው ከውጭ ሊያየው ይችላል።

ለምግብ፦ ካርቦናራ የሚባለው ፓስታ እንቁላል፣ ፔኮሪኖ የተባለ የበግ ፎርማጆ፣ ጓንቻሌና ቁንዶ በርበሬ ነው፤ ክሬም ካለበት ቤቱን ይቀይሩ። አሳማ ለማይበላ በፎርማጆና በቁንዶ በርበሬ ብቻ የሚሠራው ካቾ ኤ ፔፔ አለለት። ጌቶ በሚባለው የድሮ የአይሁድ ሠፈር፣ ፖርቲኮ ዶታቪያ አጠገብ የኮሸር ምግብ ቤቶች አሉ፤ ከእስራኤል ለሚመጡ ወገኖች ይመቻል፣ በዘይት የተጠበሰው አርቲቾክም ለጾመኛ የተሠራ ይመስላል።

ናፖሊ

ፒዛዋ በ2017 የዩኔስኮ መዝገብ ውስጥ የገባ ሙያ ነው። ሊጡ ዱቄት፣ ውሃ፣ ጨውና እርሾ ብቻ ነው፤ ቢያንስ 8 ሰዓት ያርፋል፤ ከ430 ዲግሪ በላይ በጋለ ምድጃ ከ60 እስከ 90 ሴኮንድ ይበስላል። ለዚህ ነው መሐሉ የሚረጥበው፤ ጥሬ አይደለም። ቤት ውስጥ የማይሳካውም በዚሁ ምክንያት ነው፦ የቤት ምድጃ 250 ዲግሪ ላይ ስለሚቆም ፒዛው እስኪበስል ይደርቃል። ሁለት ብቻ የሚሠሩ አሮጌ ቤቶችን ይምረጡ፤ ማሪናራና ማርጌሪታ።

በ79 እሳተ ገሞራ ወደቀበራት የሮማውያን ከተማ ወደ ፖምፔ ለመሄድ ከጋሪባልዲ ጣቢያ ቺርኩምቬሱቪያና በሚባለው ባቡር ወደ ሶሬንቶ መስመር ይሳፈሩ፣ «ፖምፔ ስካቪ – ቪላ ዴይ ሚስቴሪ» ይውረዱ፤ 40 ደቂቃ ያህል ነው። በሌላ መስመር ያለው «ፖምፔ ሳንቱዋሪዮ» ከዋናው በር ያርቅዎታል። በቀን ከ20,000 ሰው በላይ ስለማይገባና ትኬቱ ስም ስለሚጻፍበት አስቀድመው ይግዙ። ጥላ የለም፤ ኮፍያና ውሃ ይያዙ። ባቡሩ ላይ ቦርሳዎን ከፊት ይታቀፉ። ከፍርስራሹ የወጡት ዋና ዋና ሥዕሎችና ሞዛይኮች ግን እዚያ ሳይሆኑ ናፖሊ ብሔራዊ የአርኪዮሎጂ ቤተ መዘክር ናቸው፤ ማክሰኞ ይዘጋል።

ሲመለሱ

በረራው በሚውልበት ቀን ከናፖሊ አይነሱ፤ አንድ አድማ ሁሉንም ያበላሻል። ከሮም ቴርሚኒ ወደ ፊውሚቺኖ ሊዮናርዶ ኤክስፕረስ ሳይቆም 32 ደቂቃ ይፈጃል። ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የሚኖር ሰው ከአንድ ሱቅ በአንድ ጊዜ ከ70 ዩሮ በላይ ከገዛ የተጨማሪ እሴት ታክስ ከፊሉ ይመለስለታል፤ ሲገዛ ፓስፖርት አሳይቶ ቅጹን ማስሞላት አለበት። አየር ማረፊያ ላይ ሻንጣውን ሳያስረክቡ በፊት ጉምሩክ ጋ ይሂዱ፤ ዕቃውን አሳዩኝ ሊሉ ይችላሉ፣ ሻንጣው ከሄደ ገንዘቡም ሄደ። የሞዴናዋ 100 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ በእጅ ሻንጣ ልክ ናት፤ ግልጽ ከረጢቷ ውስጥ ትግባ።